ኮዬ ፈጬ ላይ የሚከራይ ቤት ልትገዙ ነው? ቀብዱን ያዝ አድርጉት

ከውጭ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት አዲስ አበባ የመጣ ሰው የሚከራይ ቤት ገዝቶ መመለስ ይችላል። ጊዜውን የሚበላው ቤት ማየቱ ሳይሆን ደላላው ነው። ከሰሚት እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች ልንገራችሁ፤ ከመጥፎው ልጀምር።

ኮዬ ፈጬ ላይ አንድ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ያው ብሎክ፣ ያው በር። የመጀመሪያው ደላላ 4.2 ሚሊዮን አለ፣ ሁለተኛው 4.5፣ ሦስተኛው 4.8 «የመጨረሻ ነው» ብሎ ማለ። ባለቤቷ በስልክ ስትገኝ የጠየቀችው 3.9 ነው። በመሀል ስለገባው 300 ሺህም ሆነ 900 ሺህ እሷ የምታውቀው የለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቁልፉ ያለው የሰፈሩ ደላላ እጅ ነው፤ እሱ ለቦሌው ይነግራል፣ የቦሌው ለቲክቶኩ፣ እያንዳንዱም የራሱን ጫን አድርጎ ያሳልፋል። ኮሚሽኑ ገና አልመጣም። የተለመደው ከገዢም ከሻጭም ሁለት ሁለት በመቶ ነው፤ በ4.8 ሚሊዮን ሲሰላ 96 ሺህ ብር። በተጫነው ዋጋ ላይ ማለት ነው! ባለቤቷን አገናኘን ሲባል ደግሞ «ውጭ ናት»፣ «ወንድሟን ወክላለች»፣ «ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው»። አሥራ አንድ ቀን በዚህ አለቀ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚሸጥ ቤት ዋጋው ስልክ ላይ ተጽፎ ማንም ያየዋል፤ እዚህ ዋጋ የሚወጣው ጫማችሁ ታይቶ ነው።

ማምለጫው ቀላል ነው። የብሎኩን ጥበቃ ወይም የኮሚቴውን ሰው ጠይቁ፤ የጋራ መዋጮ ስለሚሰበስቡ የባለቤቶቹን ስልክ ያውቃሉ። በደላላ ከሄዳችሁም ቤቱን ሳታዩ ኮሚሽኑን በቁርጥ ብር ተስማሙ፣ በወረቀት ጻፉት፣ ክፍያው ውል በተፈረመ ዕለት ይሁን። ቤቱን ገና ለማየት «የማሳያ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ተመልሳችሁ ታክሲያችሁ ውስጥ ግቡ።

ቀብድ ለደላላ አይሰጥም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ገዢ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሻጭ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ይህን መብት ሳትቸገሩ የምታስከብሩት ግን ገንዘቡ በባንክ ለራሱ ለባለቤቱ ገብቶ፣ ወረቀቱ ላይም «ቀብድ» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ደላላ ኪስ ውስጥ የገባ 100 ሺህ የሚመለሰው በልመና ነው።

ከቀብዱ በፊት ዋናውን ካርታ እዩ፤ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። የ20/80 ቤት፣ ማለትም 20 በመቶው በቅድሚያ ተከፍሎ 80 በመቶው በባንክ ብድር የሚያዘው ኮንዶሚኒየም፣ ለአምስት ዓመት በሽያጭ አይተላለፍም። ያ ጊዜ ሳይሞላ «በውክልና እንሽጥልህ» ይሏችኋል፤ ርካሽ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ውክልና ሰጪው በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል፣ ሲሞትም ውክልናው አብሮት ይሞታል፤ ከዚያ ቤቱን የምትከራከሩት ከወራሾቹ ጋር ነው። ሁለተኛው የንግድ ባንክ ዕዳ ነው፤ ቤቱ በብድር የተያዘ ከሆነ ዕዳው ሳይዘጋ ስም አይዛወርም። ሦስተኛው የእገዳ ማጣሪያ ነው፤ ቤቱ በፍርድ ቤት ወይም በባንክ አለመታገዱን የሚያሳይ ወረቀት። ይህን ደላላው አምጥቶ እንዳይሰጣችሁ፤ ሻጩን ይዛችሁ ሄዳችሁ አውጡት። እኛ ከሄድንበት ቢሮ ማጣሪያው «ፋይሉ አልተገኘም» በሚል ስድስት ቀን ፈጀ፤ ፋይሉ የተገኘው ሌላ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። ዳር ዳሩን የሚቀርብላችሁን የገበሬ መሬትና ጨረቃ ቤት (ያለ ፈቃድ የተሠራ) በዋጋውም አትደራደሩ።

ውልና ማስረጃ ላይ ግን አልተማረርንም፤ ሰነዱ የተሟላ ስለነበር ግማሽ ቀን ነው የወሰደው። ሰው የሚመለሰው በጋብቻ ማስረጃ ነው፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም መቅረብ አለባቸው። የውጭ ዜግነት የወሰዳችሁ ቢጫ ካርዳችሁን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ አትርሱ። ከመሄዳችሁ በፊት ለዘመድ ውክልና የምትሰጡ ከሆነ ማከራየት፣ ኪራይ መቀበል፣ ግብር መክፈል፣ ፍርድ ቤት መቆም እያንዳንዱ ይዘርዘር። ከኤምባሲ የሚላክ ውክልና በውጭ ጉዳይ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ጊዜ ይበላል።

ሂሳቡን በወረቀት ሥሩት። 3.9 ሚሊዮን የተገዛ ቤት 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያና ማጠናቀቂያ ተደምሮ 4.3 ሚሊዮን ቢገባ፣ በወር 18 ሺህ ቢከራይ፣ በዓመት 216 ሺህ ነው። 5 በመቶ፣ ያውም ግብር ሳይነሳለት። ባንክ ለቁጠባ ከሚከፍለው ዝቅተኛው 7 በመቶ ያንሳል። ሰው የሚገዛው የቤቱ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ነው እንጂ ለኪራዩ አይደለም፤ ይህን ደላላ አይነግራችሁም። ቀረጡን ለመቀነስ ውል ላይ ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍም አይጠቅምም፤ የመንግሥት ግምት ከበለጠ የሚሰላው በእሱ ነው።

አዲሱ የኪራይ አዋጅ 1320/2016 ደግሞ አለ። ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ነው። የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ተቀብዬ ለአውሮፕላን ትኬቴ አደርጋለሁ ያላችሁ፣ ያ ቀርቷል።

ቤቱን ስታዩ ቧንቧውን ከፍታችሁ «ይኼ ከመስመር ነው ከሮቶ?» በሉ። ከዚያ ከጎረቤት ውኃ የሚመጣበትን ቀን ጠይቁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ ካልደረሰ ተከራዩ ጀሪካን ተሸክሞ ይወጣል፤ አንድ ክረምት ታግሶ ይለቃል። አንድ ጊዜም ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሂዱ፤ የታክሲውን ሰልፍ አይታችሁ ነው ኪራዩን የምትገምቱት።