ከአምባላጌ የወረደው መስፍንና ዙፋኑን ያላየው ንጉሥ

በጣሊያን ይነግሥ የነበረው የሳቮያ ቤት የአኦስታ ቅርንጫፍ ልጆች፣ የወንድማማቾቹ የአሜዴኦና የአይሞኔ ዕጣ የተለየው በአንድ ሳምንት፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነው።

ታናሹ አይሞኔ ሮም ላይ የክሮኤሺያ ንጉሥ፣ ዳግማዊ ቶሚስላቭ ተባለ። አገሩን አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጥ ዘውዱን ተወ፤ በ1940 ቦነስ አይረስ ሞተ። ለእኔ በ1921 ወደ ካራኮረም ተራሮች የመራው ጉዞ ከንግሥናው ይበልጣል።

የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ የነበረው አሜዴኦ ግን በዚያው ሳምንት አምባላጌ ላይ ተከቦ ለእንግሊዝ ጦር እጁን ሰጠ። ለስለስ ያለ ገዥ ነበር ይሉታል። ከግራዚያኒ ቀጥሎ የመጣ ማን የማይለሰልስ አለ? ወራሪ ወራሪ ነው። በ1934 ናይሮቢ በምርኮ ሳለ በወባና በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። መቃብሩ እስከ ዛሬ ኬንያ፣ ኒየሪ፣ ከወታደሮቹ ጋር ነው።