ሴሌኒየም ሬክቲፋየር፦ ያልተሠራበት ቢሆንም አልመክርም

ቀጥታ ልናገር፦ ለድሮ ሬዲዮ ብላችሁ ሴሌኒየም ሬክቲፋየር አትግዙ። «ያልተሠራበት፣ ከነካርቶኑ» ቢባልም አትግዙ።

የማወራው ቢ250ሲ75 ስለሚባለው ሬክቲፋየር ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተሠሩ የጀርመን ሬዲዮዎችን፣ ግሩንዲግም ይሁን ቴሌፉንከን፣ የኋላ ክዳናቸውን ስትፈቱ ሻሲው ላይ በብሎን ታስሮ የምታዩት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ሥራው ከትራንስፎርመሩ የሚመጣውን ኤሲ (አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ) ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ) መቀየር ነው። ቢ ማለት ብሪጅ (አራት ሬክቲፋየሮች አንድ ላይ የተገናኙበት አሠራር) ነው፣ 250 የሚችለው ኤሲ ቮልት፣ ሲ ከካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ዲሲውን ከሚያስተካክል ዕቃ) ጋር እንዲሠራ መታሰቡ፣ 75 ደግሞ የሚሰጠው ሚሊአምፔር። ሁሉም ነገር ላዩ ላይ ተጽፏል። ይህን የዚያ ዘመን ልማድ በጣም ነው የምወደው።

በጊዜው ግሩም ዕቃ ነበር። ያኔ ሌላው አማራጭ ቫልቭ (የብርጭቆ ቱቦ) ነው፣ ለምሳሌ ኢዜድ80። እሱ ለማሞቂያው ክር ብቻ በ6.3 ቮልት 0.6 አምፔር ይበላል፤ ወደ 4 ዋት የሚጠጋ ኃይል ገና ሥራ ሳይጀመር በሙቀት ይሄዳል ማለት ነው። ሴሌኒየሙ ማሞቂያ አይፈልግም፣ እንደ ብርጭቆ አይሰበርም፣ ለአፍታ ከአቅሙ በላይ ቢጫንበትም ይችላል።

ችግሩ እርጅናው ነው። ውስጡ ሴሌኒየም የተቀቡ ስስ ሳህኖች ተደርድረዋል። አንዱ ሳህን በተገላቢጦሽ የሚችለው ከ20 እስከ 30 ቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ 250ን ለመቻል ብዙ ሳህን መደርደር ግድ ነው፣ እያንዳንዱ ሳህን ደግሞ ከሚያልፈው ቮልት ላይ ትንሽ ትንሽ ይቆርጣል፣ ዓመታት ሲያልፉ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምርና የሚቆርጠውም እየበዛ ይሄዳል። ሬዲዮው ያኔ አይሞትም። ድምፁ ይደክማል፣ አረንጓዴዋ የጣቢያ ማሳያ ትፈዛለች፣ ኤፍኤም አልይዝ ይላል። ብዙ ሰው ቫልቩ አልቋል ብሎ ውድ ኢኤል84 (ድምፅ የሚያጎላ ቫልቭ) ፍለጋ ይወጣል። እባካችሁ መጀመሪያ ዲሲውን ለኩ።

መደርደሪያ ላይ የከረመውም አያመልጥም። ለዓመታት ቮልት ሳያገኝ ሲቀመጥ የተገላቢጦሹን ጅረት የሚያግደው ስስ ሽፋን ይዳከማል። ቮልቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ማነቃቃት ያስፈልገዋል፣ በአንዴ ሶኬት ላይ መሰካት አይወድም።

ከኢንተርኔት የገዛሁትንም እንዲሁ አነቃቅቼ ነው የሞከርኩት። ሻጩ በደንብ አሽጎ ልኮታል፣ በዚያ ቅሬታ የለኝም። የሬዲዮው የሽቦ ስዕል ከሬክቲፋየሩ በኋላ ዲሲው 265 ቮልት መሆን አለበት ይላል። አሮጌው 215 ይሰጥ ነበር፣ ይሄ «አዲሱ» 240 ሰጠ፣ ከዚያ ሲሞቅ ጊዜ መውረድ ጀመረ። ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል።

ከቮልቱ የሚብሰው ግን ሲቃጠል ነው። ሽታው የበሰበሰ ጎመን ነው የሚመስለው፣ አንዴ ቤት ከገባ ቶሎ አይለቅም፣ ጭሱም መርዝ ነው። ከሸተታችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ከክፍሉ ውጡ። የድሮውን ቆርጣችሁ ውስጡን ለማየትም አትሞክሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አራት 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትንንሽ የሲሊከን ዕቃዎች። እያንዳንዱ 1000 ቮልትና 1 አምፔር ይችላል፣ ዋጋውም ከቁም ነገር አይገባም። በብሪጅ አገናኟቸው። ግን እዚህ ጋ ብዙዎች ይቸኩላሉ፦ የሲሊከን ብሪጅ የሚቀንሰው 1.4 ቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ ቮልቱ ከስዕሉ በላይ ይወጣል። እኔ ጋ 295 ደርሷል። ስለዚህ በብሪጁ ፖዘቲቭና በመጀመሪያው ካፓሲተር መካከል ሬዚስተር (ጅረት የሚገድብ ዕቃ) አስገቡበት፣ ከ100 እስከ 220 ኦም፣ ከ5 ዋት የማያንስ፣ እየለካችሁ ስዕሉ የሚለው ቁጥር ላይ አቁሙት። እኔ በ150 ኦም ደርሼበታለሁ፣ ድምፁም ወዲያው ተመለሰ። ሬዲዮው ሲበራ ቫልቮቹ እስኪሞቁ ቮልቱ ለጥቂት ሴኮንድ በጣም ከፍ ስለሚል ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትም እዩ። የድሮ ከሆነ አብራችሁ ቀይሩት።

አሮጌውን ብረት ግን አትጣሉት። ሽቦዎቹን ብቻ ፈትታችሁ በቦታው ታስሮ ይቅር። ዳዮዶቹን አጠገቡ በትንሽ መያዣ ላይ በይዱ። ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው የሬዲዮውን የመጀመሪያ አሠራር ያያል።

ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ገዳይ ቮልት ሊቀር እንደሚችል እወቁ፣ በሬዚስተር አራግፉትና ለክታችሁ አረጋግጡ። የሲሊከን ዳዮድ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ስለሚሆን (እንደ ተራ ሽቦ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያሳልፍ) ትክክለኛ ፊውዝ መኖሩን እዩ፣ በሽቦ የተተካ ካለ አውጡት። ጀርመን ውስጥ የምትጠቀሙበት ከሆነና ከኋላ የቮልት መምረጫ ካለው ደግሞ 240 ላይ አድርጉት፣ የዛሬው የጀርመን መብራት 230 ነው፣ ሬዲዮው የተሠራው ለ220 ነበር።