ከዚራ የተሠራችው ትንሿ አልስቶም

አባቴ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ከውጭ የመጣችልኝን ሞዴል የናፍጣ ባቡር የሱን ዘመን አልስቶም፣ ፈረንሳይ ሠራሹን የባቡር ራስ፣ እንድትመስል ከዚራ ሰፈር ላለ አንድ የእጅ ባለሙያ ሰጠሁት።

ዋናው ጣጣ እግሯ ነበር። ሞዴሏ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ታንሳለች፤ የተሠራችው ለ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው። የኛ የድሮው ሐዲድ ስፋት ግን 1 ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ባለሙያው ጎማ ያለበትን የታችኛውን ክፍል አውልቆ ለዚህ የሚቀርበውን ባለ 12 ሚሊሜትር ገጠመላት። መሰላሏንም ከቀጭን ሽቦ በየደላት። እጁ ይባረክ!

ቀለሙ ግን አብረቀረቀብኝ። የድሬን አቧራ የጠገበ ባቡር እንዲህ አያበራም። መልሼ ብወስድለት ሳያስከፍለኝ አደበዘዘው። ሁለት ሳምንት ብሎ አምስት ማቆየቱ ብቻ አናዶኛል።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ዙሪያዋን አያት። «ጡሩምባዋስ የታለ?» አለኝ። ነገ ይዣት እመለሳለሁ።