ሦስት የሳይንስ ትምህርቶች በአንድ ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ስላለ አንድ ቲቶሪያል

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጥ አንድ የቅዳሜ ቲቶሪያል አለ። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ መምህራኑ አንድ ጥያቄ ይዘው አብረው ክፍል ይገባሉ። ወላጅ እንዲከታተል ስለሚፈቀድ፣ ልጄን ካስመዘገብኩ በኋላ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ተከታትያለሁ።

ከሁሉም የላቀው ስለ ወባ የተሰጠው ትምህርት ነው። በ2014 ዓ.ም. በከተማችን ከተከሰተው ወረርሽኝ ጋር በጥናት የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከእስያ የመጣች ትንኝ ስትሆን፣ በየቤቱ በበርሜልና በሮቶ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትራባለች። የባዮሎጂዋ መምህርት እጮች ያሉበትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ የአኖፊለስ እጭ ከውሃው ገጽ ሥር አግድም ተጋድሞ አየር እንደሚስብ አሳዩ። የኬሚስትሪው መምህር ጥቂት የሳሙና ውሃ ሲያንጠባጥቡበት እጮቹ ገጹ ላይ መቆየት ተሳናቸው። አንዱ ጫፉ ከውሃ፣ ሌላው ከቅባት ጋር የሚስማማው የሳሙና ሞለኪውል የውሃውን የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ገጹን እንደ ስስ ቆዳ ወጥሮ የሚይዘውን ኃይል፣ እንዴት እንደሚቀንስ ሁለቱ መምህራን እየተቀባበሉ ሲያስረዱ፣ ተማሪዎቹ የትኛው ትምህርት የት ላይ እንዳበቃ ልብ ያሉ አይመስለኝም።

ቅር ያሰኘኝ የፊዚክሱ መምህር የደረሱበት መደምደሚያ ነው፤ ባዮሎጂ ዞሮ ዞሮ ኬሚስትሪ፣ ኬሚስትሪም ፊዚክስ ነው አሉ። በእርግጥ ማስረጃ አላቸው። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 ሕይወት ያለው አካል ብቻ ይሠራዋል ይባል የነበረውን ዩሪያ በቤተ ሙከራ ሠርቷል፤ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌልም በ1860ዎቹ ኤሌክትሪክን፣ ማግኔትንና ብርሃንን በአንድ ንድፈ ሐሳብ አስተሳስሯል። ይሁንና አንዲት ተማሪ "ቲቸር፣ ታዲያ ለምን ፊዚክስ ብቻ አንማርም?" ብላ ስትጠይቅ ጥያቄዋ ተድበስብሶ ታለፈ። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ፊሊፕ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1972 የሰጠውን መልስ ልትሰማ ይገባት ነበር፤ ሁሉን ነገር ወደ መሠረታዊ ሕጎች ማውረድ መቻል ከእነዚያ ሕጎች ተነሥቶ ዓለምን መልሶ መገንባት መቻል ማለት አይደለም። የቧንቧ ውሃ ሲቆራረጥ ቤተሰብ በርሜል ሞልቶ የሚያስቀምጥበትን ምክንያት ከኤሌክትሮን እኩልታ የሚያወጣ የለም፤ ትንኟ የምትራባው ግን እዚያው በርሜል ውስጥ ነው። ሳይንሶቹ የሚገናኙት እርስ በርስ በመደጋገፍ እንጂ አንዱ ሌላውን በመዋጥ አይመስለኝም። ስለዚህ የጂኦግራፊ መምህር እንዲጨመር ለአስተባባሪው ሐሳብ አቅርቤያለሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ስለሚቆም ሙቀቱ ይከብዳል። ክፍያው ከሌሎች ቲቶሪያሎች ከፍ ቢልም ለሦስት መምህራን አይበዛም። የፈተና ጥያቄዎች ልምምዱ ጥቂት በመሆኑ፣ ብሔራዊ ፈተና ለተቃረበበት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብቻውን አይበቃውም፤ የ11ኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ ግን ሳያመነታ ያስመዝግብ።