የሰኞ ሆድ ቁርጠት እና አንዲት የትምህርት ቤት አማካሪ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ዳር ዳር ስል ከረምኩ። መጀመሪያ ልጄን አስፈቀድኩ። «ስሜን ካልጻፍሽ፣ ፎቶዬንም ካልለጠፍሽ ጻፊ» አለኝ። ቀጥዬ አማካሪዋን ጠየቅኳት። እሷ ደግሞ «የኔንም ስም ተዪው፣ የትምህርት ቤቱንም አትጻፊ፤ በኔ በኩል ልጁ ይታወቃል» አለችኝ። ስለዚህ ስም የሌለው ምስጋና ነው። ሐዋሳ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት፣ የሚያውቃት ያውቃታል።

መናኸሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ወርክሺትና የሰው ልጅ ሞዴል ፈተና ሳባዛ ነው የምውለው። በ2015 ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ ሱቄ በልጆች ጢም ብሎ ነበር። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሰጠበት ጊዜ ነው፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። ፕሪንት አድርጌ ስሰጣቸው ወረቀቱን ሳያዩ አጥፈው ኪሳቸው የከተቱ ነበሩ። ልጄ ያኔ 6ኛ ክፍል ነው። ከባንኮኒው ጀርባ የቤት ሥራውን እየሠራ ሁሉንም ያይ ነበር። ምን እንደሚያይ ልብ አላልኩም። ልብ ያልኩት ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ 8ኛ ክፍል ሲደርስ ነው።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እጥፍ ብሎ አገኘሁት። «ሆዴን ቆረጠኝ» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ዝንጅብል አፈላሁለት፣ ቀረ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደህና ሆነ። ሐሙስ እንደገና። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና። አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድኃኒቱን ጨረሰ። ሰኞ ሆዱን ቆረጠው። ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለን። በርበሬ ከቤት ወጣ፣ አባቱም እኔም አብረን አልጫ በላን። ሰኞ ሆዱን ቆረጠው። እናቴ ጸበል ይዛው ሄደች፤ እዚያ በሰነበተበት ሳምንት አንድም ቀን አላመመውም። ተመልሶ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ግን ያው ሆነ። አባቱ አንድ ቀን ተናዶ «ይሄ ልጅ ያስመስላል» አለ። እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ በግማሹ ከአባቱ ጋር ነበር።

በቀረባቸው ቀናት ሱቅ ይዤው እሄዳለሁ። ወረቀት ይደረድርልኛል፣ በስቴፕለር ይመታልኛል፣ አምባሻና ለስላሳ እገዛለታለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። እስከ ጥር ድረስ 17 ቀን ቀርቷል።

የክፍሉ ኃላፊ መምህር ደውሎ «ማክሰኞና ዐርብ የምትመጣ የሥነ ልቦና አማካሪ አለች፣ ለምን አታናግሪያትም?» አለኝ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ልጅሽ አእምሮው ተነክቷል ያለኝ መሰለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ማንም ሳያየኝ ገብቼ ልወጣ ወስኜ በምሳ ሰዓት ሄድኩ።

ቢሮዋ የቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ ነው። ከአስተዳደሩ አጠገብ ክፍል ሊሰጧት ነበር አሉ፤ እንቢ ያለችው እሷ ናት። «እዚያ የሚገባ ልጅ ሁሉ ይታያል። ቤተ መጻሕፍት ግን ማንም ይገባል» አለችኝ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ቴርሞስ። በመስኮቱ በኩል ዛፉ ላይ ሁለት አባ ኮዳ ለሽምግልና እንደተጠሩ አዛውንት ተኮፍሰው ይታያሉ። በዕድሜ ታናሼ ናት፤ «እርስዎ» እያለች ጀመረችኝ፣ አንቺ በይኝ አልኳት።

ታሪኩን ከነአልጫው ነገርኳት። ጨርሼ ስተነፍስ መጀመሪያ ያለችኝ «እያስመሰለ አይደለም። እውነት ነው የሚያመው» ነው። ሰው ሲፈራ አንጎሉ አካሉን ለሩጫ ያሰናዳል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ሆድም ይኮማተራል። ቁርጠቱ ፈጠራ አይደለም፤ መነሻው ግን ምግብም ጀርምም ላይሆን ይችላል። ይህን ስትነግረኝ የራሳችን ቋንቋ ትዝ አለኝ። ሆዴ ባባ እንላለን፣ ሆዴ ተላወሰ እንላለን። የማይነገር ሲገጥመን ደግሞ ሆድ ይፍጀው። የልጄ ሆድ መፍጀት አቅቶት ነበር።

ቀጥላ ያለችው አስቀየመኝ። «እሱ የሚነግረኝን ሁሉ አልነግርሽም። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ፣ ወይም እሱን የሚጎዳው ሰው ካለ እነግርሻለሁ። ሌላው በእሱ ፈቃድ ነው።» እኔ ወልጄው? በልቤ እንዲህ ነበር ያልኩት። ይህንኑ ቃል በቃል በእኔ ፊት ለእሱም ነገረችው። ልጁ ቀና ብሎ አያት። በዚያ ወር ሰውን ቀና ብሎ ሲያይ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

ሌላው የገረመኝ መጀመሪያ ያዘዘችው ምርመራ ነው፣ የዓይን። ሆድ ለታመመ ልጅ ዓይን? እ.ኤ.አ. በ1896 አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላይትነር ዊትመር የሚባል ሰው የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ ሲከፍት፣ ቀድማ ልጅ ይዛ የመጣችው አንዲት አስተማሪ ነበረች አለችኝ። የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ ልክ እንደኔው፤ ቃላትን በትክክል መጻፍ አቅቶታል። ሲመረመር አንዱ ችግር የዓይኑ ሆኖ ተገኘ፣ መነጽር ተደረገለት። «ስለ ልቡ ከማውራቴ በፊት ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ እንቅልፉንና ቁርሱን እጠይቃለሁ» አለች። የልጄ ዓይን ደህና ነበር። እንቅልፉ ግን አልነበረም፤ እሑድ ሌሊት እስከ 8 ሰዓት ሲገላበጥ እንደሚያድር ያወቅነው ያኔ ነው።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፤ ለእኔ ነው እንጂ ለልጁ አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ፦ ቀኑ፣ ቁርጠቱ የጀመረበት ሰዓት፣ ከ10 ስንት እንደሚሆን፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ። ሠንጠረዥ መሥራት እንጀራዬ ነው፣ አሳምሬ ሠርቼ አተምኩት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ይዤላት ስሄድ ምንም አላለችም። የክፍሉን የትምህርት ፕሮግራም አወጣችና ከጎኑ አስቀመጠችው። ሰኞና ሐሙስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ያንን ፕሮግራም በመስከረም ያባዛሁት እኔ ነኝ። በ60 ኮፒ።

ቀሪውን ልጁ ራሱ ፈቅዶ ነገረኝ። ጥቅምት ላይ ተነስቶ ሲያነብ አንድ ቃል ላይ «አይላንድ» ማለት ሲገባው «ኢዝላንድ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። በዕረፍት ሰዓት ስሙ «ኢዝላንድ» ሆኖ ቀረ። በቃ፣ ይሄው ነው። እኔ ስሰማው በጣም ትንሽ መሰለኝ፣ ትንሽ ነው ልልም አፌን ከፍቼ ነበር። አማካሪዋ በዓይኗ ያዘችኝ።

ይህችን ሴት የማደንቃት ከዚህ በኋላ ባደረገችው ነው። እኔ የጠበቅኩት መምህሩን ጠርታ እንድትወቅስልኝ ነበር። እሷ ፈቃዱን ጠይቃ አንድ ክፍለ ጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሲወጡ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ ክፍልህ ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ የሚፈራ ስንት ልጅ ይኖራል? «ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት» አለ። ስም የሌለው ቁራጭ ወረቀት አስበተነችው። አሥራ አንድ ልጅ «እፈራለሁ» ብሎ ጻፈ። መምህሩ ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ሱቄ ድረስ መጥቶ። «ዝም ያሉት ያልተዘጋጁ ይመስሉኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ቀድመው ይለማመዳሉ፣ ማን የትኛውን አንቀጽ እንደሚያነብ ደግሞ ከዋዜማው ይነገራቸዋል። የኔ ልጅ ሆድ ለሌሎች አሥር ልጆች ደረሰ ማለት ነው። እኔማ አማካሪ ማለት ከልጅ ጋር በር ዘግቶ የሚያወራ ሰው ይመስለኝ ነበር። ከእኔና ከመምህሩ ጋር ያጠፋችው ጊዜ ከልጁ ጋር ካጠፋችው ይበልጣል።

የእኔን ጥፋት ስትነግረኝ ግን አለሳልሳ ነው። «የቀረበት ቀን ሆዱን ያሻለዋል፣ የሚመጣውን ሰኞ ግን ያከብድበታል» አለች። ከፈሩት ነገር በሸሹ ቁጥር ፍርሃቱ ይፋፋል። አምባሻውና ለስላሳው ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትኩሳትና ትውከት ከሌለ በቀር መቅረት ቀረ። የትምህርት ቀን ሱቅ መምጣትም ቀረ። ጸበሉን አቁሙ አላለችም፤ «እሑድ ይሂድ፣ ሰኞ ደግሞ ትምህርት ቤት ይሂድ» ነው ያለችው። እናቴ ይህን ሰምታ መረቀቻት።

የመጀመሪያው ሰኞ ከባድ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በባጃጅ ሄድን፣ በር ላይ ደረስን፣ አልወርድም አለ። እኔ የታዘዝኩት አጭር ነው፦ አትለምኚው፣ አትቆጪው፣ አትቆዪ። የበሩ ጥበቃ ጋሼ ነገሩ ተነግሯቸዋል። መጥተው «ና እስቲ ይቺን ቁልፍ ያዝልኝ» አሉት። ወረደ። ባጃጁ ውስጥ አፌን በነጠላዬ ይዤ ቀረሁ። ሾፌሩ «እናት፣ እንሂድ?» ይለኛል። ሂድ ማለት አቃተኝ።

ማንበቡንም በደረጃ ነው ያስኬደችው። መጀመሪያ ለእሷ ብቻ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ ውስጥ። ቀጥሎ ለእሷና ለአንድ ጓደኛው። ከዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሁለት መስመር። ከዚያ ቆሞ። አንዱ ደረጃ ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ፣ አልቸኮለችም። እኔ ነኝ የቸኮልኩት። አተነፋፈስም አስተምራዋለች፦ ትኩስ ሻይ እንደምታበርድ በቀስታ፣ ረዘም አድርገህ አውጣ። ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማውጣት የልብን ምት ያረጋጋል። አባቱ አሁን ገቢዎች ቢሮ ወረፋ ሲይዝ ሻይ ያበርዳል።

ግንቦት ላይ ወላጆችን ሰብስባ ስታናግረን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7 አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚገጥመው ይገምታል አለችን። ከጎኔ የተቀመጠችው እናት በጣቷ ቆጠረች። 49 ልጅ ባለበት ክፍል፣ በአማካይ ቢሰላ፣ ሰባት ልጅ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ለምን አታክሚያቸውም ላሏት አባትም መለሰች፦ መድኃኒት አታዝም፣ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ትልካለች፣ ላከችው ማለት ደግሞ ልጁን ተወችው ማለት አይደለም።

ልጄ ዛሬ እንዴት ነው? ደህና ነው፣ ፍጹም ግን አይደለም። ሰኞ አሁንም አንዳንዴ ሆዱን ይዞ ይነሳል። «ስንት ነው?» እለዋለሁ። «አራት» ይለኛል፣ ቦርሳውን ያነሳል። ጓደኞቹ አሁንም «ኢዝላንድ» ይሉታል። አሁን ዞር ብሎ አቤት ይላል።

ለውለታዋ አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ሄጄ ነበር፣ ደሞዜን ትምህርት ቤቱ ይከፍለኛል ብላ አልወስድም አለች። ለመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ሰጠሁት፣ ሲፈላ መጥታ ጠጣች። ጥበቃው ጋሼንም፣ የእንግሊዝኛ መምህሩንም በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። ሳቅሁ ብሎ ማመን ቀላል አይደለም።

ሌሎቹን ቀናት በሌሎች ትምህርት ቤቶች ነው የምትሠራው። ሐዋሳ ውስጥ ትምህርት ቤት የምታስተዳድሩ፣ አማካሪ የምትፈልጉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ልጁ ሰኞ ሰኞ ሆዱን የሚቆርጠው ወላጅ ደግሞ መጀመሪያ የራሳችሁ ትምህርት ቤት አማካሪ እንዳለው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ኖሮም ወላጅ አያውቅም። ሠንጠረዧን የምትፈልጉ ሱቄ ብቅ በሉ። በነጻ አትምላችኋለሁ፣ ለአንድ ወር የሚሆን፣ ከነስቴፕለሩ።