ከሀርት አታክ በኋላ ኢኮ ያሰራንበት ክሊኒክ

ስለ ኢኮው፣ ማለትም ስለ ልብ አልትራሳውንዱ፣ ከሆነ የምትጠይቁኝ፣ ሂዱ። ቤታችሁ በቅርቡ ሀርት አታክ ይዞት የተረፈ ሰው ካለማ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። አዲስ አበባ ያለ የግል የልብ ክሊኒክ ነው፤ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም።

አባቴ ከሆስፒታል ወጥተው ይሄዳሉ፣ ይበላሉ፣ ደረታቸውንም አያማቸውም። ግን ደም ያጣው የልብ ግድግዳ ሲሞት ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል። ጠባሳ ደግሞ አይኮማተርም፤ እየሳሳ ወደ ውጪ ሊነፋ ይችላል፣ እዚያ የተኛው ደም ይረጋል፣ የረጋው ተነቅሎ ጭንቅላት ከደረሰ ስትሮክ ነው። የረጋ ደም መኖሩን ደግሞ የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚስለው ኢሲጂ አይነግራችሁም።

ባለሙያዋ ጎበዝ ናት። «አባባ፣ በግራ ጎንዎ ይተኙ፤ አሁን ትንፋሽዎን አውጥተው ያዙት» እያለች የልባቸውን ጫፍ ከዚህም ከዚያም ደጋግማ አየችና ዶክተሩን ጠራቻቸው። እሳቸውም ስክሪኑን ወደ እኛ አዙረው አሳዩን። ሌላው ግድግዳ ወደ ውስጥ ሲጨመቅ ጫፉ ወደ ውጪ ያብጣል፣ ውስጡም ነጣ ያለ ነገር፣ የረጋው ደም፣ ተለጥፏል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ታዘዘ፤ ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ አይኤንአሩ፣ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን፣ ከ3 ወር በኋላ ኢኮው እንዲደገም። ጎመን የዋርፋሪንን ሥራ ስለሚነካ እናቴ የጾሙን ጎመን ስትጠይቅ «አይከልክሏቸው፣ ግን መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ» አሏት። እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሐኪም ስንቱ ጋ ይገኛል?

ቅሬታዬ ካርድ ክፍሉ ላይ ነው። ሀርት አታክ ከያዛቸው ገና ጥቂት ቀን የሆናቸው ሰው ትንፋሽ እያጠራቸው እንደማንኛውም ታካሚ ወረፋ ይዘው ነበር፣ አንዲት ነርስ በአጋጣሚ ስታልፍ አይታ ባታስገባቸው ኖሮ እዚያው ይቆዩ ነበር። ይሄ በጣም አናዶኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጎዳው ግድግዳ ሊቀደድ፣ በሁለቱ የታች ክፍሎች መሀል ያለው ሊበሳ፣ ቫልቩን የሚይዘው ጡንቻም ሊበጠስ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ያጠረው ወይ ራሱን የሳተ ሰው ቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ ያለበት፣ ክሊኒኩም ይህን በር ላይ መጠየቅ አለበት።

ውጤቱ በዚያው ቀን ይደርሳል፣ ምስሉን ግን ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም። ከሆስፒታል የወጣችሁበትን ወረቀትና የድሮ ኢኮ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲሱን የሚያነቡት ከድሮው ጋር እያስተያዩ ነው።