የግማሽ ሳጥን ሠራዊት፦ ሌቪያታንን ተካፍሎ መጀመር ምን ያህል ያዋጣል?

ሌቪያታን የተባለው የዋርሀመር 40,000 ሳጥን እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ እዚህ እንግሊዝ ዋጋው 150 ፓውንድ ነበር። ለብቻዬ አልሞክረውም። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር 75፣ 75 አዋጣንና ለሁለት ተካፈልነው። እሱ ስፔስ ማሪኖቹን፣ ማለትም ትጥቅ የለበሱትን የሰው ልጅ ወታደሮች ወሰደ፤ እኔ ታይራኒዶቹን፣ ከጠፈር የመጡትን የአውሬ መንጋ። ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ተገጣጥመዋል፣ አብዛኞቹ ተቀብተዋል፣ ብዙ ቅዳሜ ተዋግተዋል። ሳጥን በተከፈተ ማግስት የሚጻፍ አድናቆት ሞልቷል። እኔ የማወራው ሞቅታው ካለፈ በኋላ ስለሚቀረው ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ዋርሀመር 40,000 ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ነው። የሚያወጣው ኖቲንግሃም ከተማ ያለው ጌምስ ወርክሾፕ ነው። ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮችን ራሳችሁ ከፍሬማቸው ቆርጣችሁ ትገጣጥማላችሁ፣ ትቀባላችሁ፣ ከዚያ በሜትር እየለካችሁና ዳይስ እየጣላችሁ ታዋጓቸዋላችሁ። እያንዳንዱ ቡድን የነጥብ ዋጋ አለው። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ነጥብ ይዘው ይገናኛሉ። ሙሉ የሚባለው ጨዋታ 2,000 ነጥብ ነው፤ በ1,000ም ይጫወታሉ። ኪስ የሚያራቁተው ይሄ ቁጥር ነው። አንድ ሳጥን ገዝቶ 2,000 የሚደርስ የለም።

ወደ ሳጥኑ እንመለስ። በድምሩ 72 ሞዴሎች አሉት። 25ቱ ማሪን፣ 47ቱ ታይራኒድ ናቸው። ወፍራም የሕግ መጽሐፍና አንድ የተልዕኮ ካርድ ጥቅልም አብረው ይመጣሉ። መጽሐፉ ለማን ይድረስ ብሎ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ መሠረታዊ ሕጉን ኩባንያው በነፃ በፒዲኤፍ አውጥቶታል። መጽሐፉን እሱ ወሰደ፣ ካርዶቹ እኔ ጋ ቀሩ።

ሒሳቡን ካያችሁት ያተረፍኩት እኔ ነኝ። የእኔ ሞዴል አንዱ 1 ፓውንድ ከ60 ሳንቲም ገደማ ወጣ፣ የእሱ 3 ፓውንድ። 20 ተርማጋንት፣ 11 ኒውሮጋንት፣ 5 ባርብጋንት፣ 3 ሊፐር፣ ሁለት የሪፐር መንጋ፤ በዚያ ላይ ስክሪመር ኪለርን የመሳሰሉ ግዙፍ አውሬዎች። ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ ያስፈራሉ። ግን የመነሻ ሳጥን ስትመርጡ የአንዱን ሞዴል ዋጋ ማስላት ብዙም አይጠቅማችሁም። የምትከፍሉት ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ለፕላስቲኩ በብር፣ ቀጥሎ ለቀለሙ በጊዜ። ሁለተኛው ሒሳብ ሳጥኑ ላይ አልተጻፈም።

መገጣጠሙ ቀላል ነው። ክፍሎቹ እርስ በርስ ተጭነው የሚያያዙ ስለሆኑ ያለ ሙጫም ይቆማሉ። እኔ ግን ጅራትና ክንፍ ላይ ጠብታ የፕላስቲክ ሙጫ አደርጋለሁ። ጊዜ የሚበላው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ተርማጋንት ሁለቱ የቅርጽ ማውጫዎች በተገናኙበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አለችው። በዓይን አትታይም ማለት ይቻላል። በጥፍር ስትነኳት ግን ትሰማችኋለች። በምላጭ ጀርባ ቀስ ብሎ መፋቅ ነው። ካልተፋቀች ቀጭን ቀለም ስትቀቡ ቀለሙ እሷን ተከትሎ ይጠራቀምና በአውሬው እግር ላይ ጥቁር ክር ተሰፍቶ ይቀራል። ይህን ለአንዱ መሥራት ያዝናናል። ለሃያ መሥራት ሥራ ነው።

ቀለሙን በአቋራጭ ነው የሄድኩበት። መጀመሪያ ነጣ ያለ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚነፋ መሠረት) መንፋት፣ ቀጥሎ ኮንትራስት የሚባለውን ቀለም አንድ ጊዜ መቀባት። ይህ ቀለም ቀጠን ያለ ነው። ከፍ ካለው ቦታ ሸሽቶ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል፣ ስለዚህ ጥላውን ራሱ ይሠራዋል። ቆዳው የአጥንት ቀለም፣ የጀርባው ቅርፊት ሐምራዊ፣ አለቀ። የሌላ ድርጅት ተመሳሳይ ቀለሞችም አሉ፤ ስፒድፔይንት አንዱ ነው። እሱን ከገዛችሁ 2.0 የሚለውን ፈልጉ። የመጀመሪያው ሌላ ቀለም ስትደርቡበት ይነቃና ይቀላቀላል። አምስት አምስት አድርጌ ነበር የምቀባው። ከዚያ በላይ ሲሆን እጅ ይሰለቻል፣ ሐምራዊው ዓይን ላይ ይሄዳል።

ጠርሙሶቹ አንዳቸው 5 ፓውንድ ገደማ ናቸው። ፕራይመሩ፣ ብሩሹ፣ መቁረጫው፣ ሙጫው፣ ለመቆሚያው የሚሆን አሸዋና ኮላ ሲደመር ሌላ 60 ፓውንድ ያህል ወጣብኝ። ለጦሩ ራሱ ከከፈልኩት ብዙም አይርቅም። ፕራይመሩን የመኪና ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ ብትገዙት ይረክሳል፤ ልዩነቱን እኔ አላየሁም።

ባልደረባዬስ? 25 ወታደር ብቻ ስለሆነ ከእኔ ብዙ ቀድሞ ጨረሰ። በዚያ ላይ እኛ በተጫወትንበት የነጥብ ዝርዝር የእሱ ግማሽ በነጥብ ይበልጠኛል። 3 ፓውንድ የከፈለበት ወታደር ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ከእኔ ሁለት ሦስቱን ያክላል። ሻይ እየጠጣ የእኔን ተቀብቶ ያላለቀ መንጋ ሲያይ ምን እንደሚል መገመት ትችላላችሁ።

ውጊያው ምን እንደሚመስል አንድ ቦታ ብቻ ላሳያችሁ። ሃያዎቹ ተርማጋንቶች አምስት ተርሚኔተሮች (ከባድ ትጥቅ የለበሱ ማሪኖች) ላይ ይተኩሳሉ እንበል። 20 ዳይስ እጥላለሁ። 4 እና ከዚያ በላይ የወጣው መታ፤ በአማካይ 10። ያንን አንስቼ እንደገና እጥላለሁ፤ 4 እና ከዚያ በላይ ያቆስላል፣ 5 ቀረ። አሁን ተራው የትጥቅ ነው። ባልደረባዬ 5 ዳይስ ይጥላል፤ 1 ካልወጣበት በቀር ይተርፋል። ሃያ አውሬ ተኩሶ በአማካይ አንድ ቁስል እንኳ አይሞላም። አንዱ ተርሚኔተር ለመውደቅ ደግሞ ሦስት ቁስል ይፈልጋል። ቀጥሎ የእሱ ኢንፈርነሶች ነበልባል የሚተፉ መሣሪያቸውን ያዞራሉ። ለመምታት ዳይስ መጣል አያስፈልጋቸውም፣ በቀጥታ ይመታሉ። ከሃያው አብዛኛው ይረግፋል። ማታ ማታ የፋቅኳቸው እግሮች በአንድ ተራ ወደ ሳጥን!

ይሁንና ማሸነፍ በመግደል ብቻ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የሚያዙ ቦታዎች አሉ፤ ነጥብ የሚገኘው እነሱን በመያዝ ነው። ቦታ ሲያዝ አንድ ተርማጋንት 2 ይቆጠራል፣ አንድ ተርሚኔተር 1። ስለዚህ መንጋው እየሞተም ያሸንፋል። ይህን ከለመድኩ ወዲህ አልፎ አልፎ አሸንፋለሁ። እንዲህ ዓይነት አጨዋወት የሚወድ ሰው በታይራኒድ አይቆጭም። ሞዴሎቹም ያምራሉ፤ ስክሪመር ኪለሩ መደርደሪያዬ ላይ የሚቆምበት ቦታ አለው፣ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል።

ያልወደድኩት? የመሣሪያ ምርጫ የለም። የመነሻ ሳጥን ሞዴሎች በአንድ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። የያዘውን ይዞ ይቀራል። አንድ ሳጥን ሲሆን አያስከፋም። ጦር ለማብዛት ብላችሁ ያንኑ ሳጥን ደግማችሁ ብትገዙ ግን መንትያ አዛዦች ይዛችሁ ትቀራላችሁ፣ ገንዘቡም ያንገበግባል። 1,000 ነጥብ ለመሙላት ሦስት የታይራኒድ ተዋጊዎች ያሉበትን ሳጥን ጨመርኩ፤ እሱ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልሞላልኝም።

መጽሐፍ ላይ ቶሎ ገንዘብ አታፍሱ። ጨዋታው በየሦስት ዓመቱ አዲስ እትም እያወጣ ነው የመጣው፦ 2017፣ 2020፣ 2023። የነጥብ ዋጋውም በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይቀየራል። የአንድ ጦር መጽሐፍ ከ30 ፓውንድ በላይ ነው። በዚያ ገንዘብ ሌላ ቡድን ይገዛል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ እትም ሲቀየር አብሮ አይጣልም። ሕጉ ከሰለቻችሁ ዋን ፔጅ ሩልስ የሚባል አለ። መሠረታዊ ሕጉ በነፃ ነው፣ የየትኛውም ድርጅት ሞዴል ይቀበላል፣ ቶሎ ያልቃል። የእኔ ታይራኒዶች እዚያም ይዋጋሉ። ጦር ሳይሆን ትንሽ ቡድን የሚበቃው ሰው ደግሞ ፍሮስትግሬቭ የሚባለውን ጨዋታ ይይ። ጠንቋይ፣ ተማሪው፣ ቢበዛ ስምንት ወታደር፤ ከ30 ፓውንድ በታች የሆነ የሃያ ወታደር ሳጥን ተርፎ ይቀራል።

ሌቪያታን ዛሬ አዲስ አይታተምም። የእሱ ሞዴሎች በከፊል ከ10ኛው (ከ2023ቱ) እትም ጋር በወጡት ሦስት የመነሻ ሳጥኖች ውስጥ ገብተዋል። ትንሹ ሳጥን ቀለም፣ ብሩሽና መቁረጫ ጭምር ስላለው ለመሞከር ይሻላል። ጦር ለማቋቋም ግን ያንሳል። አብሯችሁ የሚጀምር ሰው ካለ ትልቁን ለሁለት ተካፈሉ። ከሌለ ኮምባት ፓትሮል የሚባለውን የአንድ ጦር ሳጥን ግዙ፤ 100 ፓውንድ ገደማ ነው፣ ቡድኖቹን ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል። ራሱን የቻለ ትንሽ ጨዋታም አለው፣ 76 በ112 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ ይበቃዋል። የ2,000ው ጨዋታ 152 በ112 ይፈልጋል። የእኔ የምግብ ጠረጴዛ ይህን አይችልም፤ ባለቤቴም አትችልም።

ወደ አዲስ አበባ ለወንድም ልጅ ይዛችሁ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የሚነፋው ፕራይመር ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ ሻንጣ ውስጥም ቢሆን። በብሩሽ የሚቀባውን ያዙ። ለተቀቡት ሞዴሎች ውድ ቦርሳ አትግዙ። ሁላችንም ቤት መርፌና ክር የሚቀመጥበት ያ የብስኩት ቆርቆሮ አለ አይደል? ከመቆሚያው ሥር ትንሽ ማግኔት ለጥፉና እዚያ ውስጥ አቁሟቸው። ሻንጣው ቢገለበጥም አይነቃነቁም።

ከሁሉም የሚረክሰው ግን ሌላ ሰው የተወው ግማሽ ነው። የመነሻ ሳጥን የገዛ ብዙ ሰው አንዱን ወገን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሌላውን ይሸጣል። ስፔስ ማሪን በተለይ ገበያውን አጥለቅልቆታል። ከፍሬሙ ያልተቆረጠውን ምረጡ። የተገጣጠመ ከሆነ የጅራቶችንና የመሣሪያ አፎችን ፎቶ በቅርብ ጠይቁ፤ የሚሰበረው እነሱ ናቸው። ወፍራም ቀለም የተለበጠውን እለፉት። ቀለም ማስለቀቅ ይቻላል፣ ግን ያቺ ርካሽ ዋጋ በጊዜ ትከፈላለች። እኔ አሁን የምፈልገው ያልተቆረጠ የማሪን ግማሽ ነው። ኒውሮጋንቶቹ ገና ነጭ እንደሆኑ መደርደሪያው ላይ አሉ፤ በእነሱ የሚለውጠኝ ሰው ካገኘሁ ዛሬውኑ እሰጣለሁ።